ኦርጋኑ ትንሽ አሞታል

በእኛ አገር ሰው በስልክ አይሞትም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቆየት ብሎ «ሆስፒታል አስገብተነዋል፣ ሐኪሞች እያዩት ነው» የሚል ይከተላል። ከዚያ አንድ ማለዳ ስልክ ይደወልና «እስቲ ቤት ድረስ ብቅ በል፣ ምንም የለም» ይባላል። ምንም የለም የተባለው ሰው ጫማውን እያጠለቀ ማልቀስ ይጀምራል። ምንም ከሌለ ማን በማለዳ ይደውላል? ሟቹ ይህን ጊዜ ከተቀበረ ሰንብቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባዕድ ሰው ይህን ሲሰማ ውሸት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ደረጃ ነው ባይ ነኝ። ፎቅ ላይ ያለን ሰው መሬት አድርሰው ቢሉህ በመስኮት ትወረውረዋለህ? ደረጃ አለ፤ እጁን ይዘህ ቀስ እያልክ ታወርደዋለህ።

ይህን የምናገረው ያለ ሥልጣን አይደለም። እኔ አያሌው፣ ፒያሳ ውስጥ ካሉት የቆዩ እድሮች የአንዱ ጸሐፊ ነኝ። በደንቡ መሠረት ሥራዬ መዝገብ መያዝና ድንኳን ማስተከል ነው። በተግባር ግን መርዶ ነጋሪ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ድሮ ለአንዲት ጎረቤታችን የወንድሟን መርዶ ሳረዳ የሰሙ ሰዎች «አያሌው ያውቅበታል» ብለው አስወሩብኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ በማለዳ ያንኳኳሁት በር በደስታ ተከፍቶልኝ አያውቅም። መሰላል ልዋስ ብሄድ እንኳን ይለቀስብኛል።

ሙያው ሕግ አለው። ሰው ማታ መርዶ አይረዳም፤ በልቶ፣ ተኝቶ ይደር ይባላል። ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል። ሲነጋ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ቀድመው ገብተው ይቀመጣሉ፤ አይናገሩም፣ መሬት መሬት ያያሉ። ባለቤቱ ከመኝታው ወጥቶ ያያቸዋል። ከዚህ በኋላ መርዶ ነጋሪው አፉን ባይከፍትም ሥራው ተሠርቷል። ግማሹ ፒያሳ ፈርሶ አባሎቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተኑ ወዲህ ለአንድ መርዶ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ አለብኝ፤ ሕጉ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ኦርጋኑ ልምጣ።

ብሩክ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ሱቅ ራዲዮ፣ ስፒከርና የሠርግ ኪቦርድ ይጠግን ነበር። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ዝምተኛ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የብየዳ ጭስ የሚሸት ሰው ነው። አንድ ቀን ምን እንደ ነካው አላውቅም፣ መጠገን ይብቃኝ፣ ልሥራ አለ። ሊሠራ ያሰበው ባለሙያዎቹ ሲንተሳይዘር የሚሉትን፣ እኛ ግን ሁሉንም ኦርጋን ብለን የምንገላገለውን በኤሌክትሪክ የሚዘፍን ዕቃ ነው። ምክንያቱ ተራ አልነበረም። ከውጭ የሚመጣው ኪቦርድ የተቃኘው ለሌላ አገር ጆሮ ነው። የአንቺሆዬን ቅኝት ስትጫወትበት ድምፁ የሚፈልገው ቦታ ላይ አያርፍም፤ ወይ ያልፈዋል ወይ ይጎድለዋል። ብሩክ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን እንደ ማሲንቆ አስተካክሎ የሚል፣ በጉልበት ላይ የሚያርፍ ትንሽ ኦርጋን ልሥራ ብሎ ተነሣ።

በምን አቅሙ? ባንክ መያዣ ይፈልጋል፤ ብሩክ ያለው የሚያዝ ነገር የብየዳ ካውያ ብቻ ነው፣ እሱም ያቃጥላል። ስለዚህ በቴሌግራም ሰው ሰበሰበና አስቀድማችሁ አዋጡ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳችኋል አለ። በሠለጠነው ዓለም ይህ አሠራር ረጅም ስም ወጥቶለታል አሉ። እኛ መዋጮ እያልን ስንቀብርበት ኖረናል፤ ልዩነቱ በዚህኛው አንድ ነገር ይወለዳል መባሉ ነው። የሠርግ ሙዚቀኞች አዋጡ፣ የሙዚቃ አስተማሪዎች አዋጡ፣ ልጁን ከስልክ ላይ ማንሣት ያቃተው አባት አዋጣ። ወርቅ ቤት ያለው ሰይድም አዋጣ። ሰይድ በዕድሜው ከመኪና ጡሩንባ በስተቀር የነካው የሙዚቃ መሣሪያ የለም። ነገር ግን የወሎ ልጅ ነው፤ ባቲ የሚባል ቅኝት ያለበት ዕቃ ሲሠራ እጄን ሰብስቤ ባይ እናቴ ምን ትለኛለች አለ።

ከሁሉ ቀድመው ያዋጡት ግን ጋሽ ደምሴ ናቸው። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኋላም ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። አሁን እሪ በከንቱ ሰፈር ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ቀኝ ጆሯቸው ከተዘጋ ቆይቷል። ሐኪሙ ግራውም በዚያው መንገድ ላይ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስ ግን እንደማያውቅ ነግሯቸዋል። ያ ሐኪም የእድር አባል ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይናገርም ነበር፤ ለማንኛውም ነግሯቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩክ ሱቅ ይመጣሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ግራ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ይለጥፋሉ። «ዝቅ። ትንሽ ዝቅ። አለፍካት፣ ተመለስ» ይላሉ፤ ብሩክም እሳቸው እስኪረኩ ድረስ ያጠብቃል፣ ያላላል። ቅኝቱ በሙሉ የወጣው ከዚያ ከቀረው ጆሮ ነው። አንድ ቅዳሜ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ኦርጋን ስነካ የኖርኩት አንቺሆዬን እየዋሸኋት ነው አሉን። ዕቃው እውነቷን ሲናገር አንድ ጊዜ ሰምቼ ከዚያ ግራዬ ቢዘጋም ቅር አይለኝ አሉ። ብሩክ የመጀመሪያው የእርስዎ ነው ብሎ ቃል ገባላቸው። እሳቸውም ቶሎ በል አላሉትም። ሻያቸውን ጨርሰው ባርኔጣቸውን አደረጉ።

እንግዲህ ዕቃ መሥራትና ዕቃ ማዘግየት አብረው የተወለዱ መንትዮች ናቸው። መጀመሪያ እንጨቱ ነው። ብሩክ ሣጥኑ ከዋንዛ ይሁን አለ፤ አናጢው በደንብ ያልደረቀ ዋንዛ አመጣ። ክረምት ሲገባ ሣጥኑ እርጥበት ጠጥቶ አበጠና ቁልፎቹን ጨምድዶ ያዛቸው። አንዱን ስትጫን ሦስቱ አብረው ይወርዳሉ። ይህን ለአዋጪዎቹ ማን ይንገር? ብሩክ ድምፅ እንጂ ቃል አይሆንለትም። ጋሽ አያሌው፣ እርስዎ ክፉ ወሬ መንገር ያውቁበታል፣ ይጻፉልኝ አለኝ። ሙያዬ በቴሌግራም ሲፈለግ የመጀመሪያዬ ስለሆነ መነጽሬን ጠርጌ ቁጭ አልኩ። «የተከበራችሁ ወገኖች፣ ኦርጋኑ ትንሽ አሞታል። የሚያሳስብ ነገር የለም። ዝናቡ ሲያልፍ ይሻለዋል።» እውነት ነው፤ አንድም ቃል አልዋሸሁም።

ቀጥሎ ከውጭ የሚመጣው፣ የኦርጋኑ አእምሮ የሆነው ጥፍር የምታክል ዕቃ መመረት አቆመ ተባለና ብሩክ ሌላ ዓይነት አስመጥቶ ሥራውን እንደገና ጀመረ። እኔም «ባለሙያ እየተከታተለው ነው። የሚቻለው ሁሉ እየተደረገለት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሱቁ ያለበት ቤት የሚፈርስ ሆነና ብሩክ ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ዳገቱ ላይ ወዳለ፣ ከኋላው ማደሪያ ወዳለው ቤት ገባ። ኦርጋኑ ያለ መብራት እንዲሠራ የሚያደርጉት ባትሪዎችም ከላኪው አገር ገና አልተነሡም። ሰው እንዳይከፋው ብዬ አዲሱን ቤት እንዲያዩ ልጋብዛቸው አሰብኩ። «ሁሉም በፈጣሪ እጅ ነው። በርቱ። እሑድ ጠዋት ወደ ብሩክ ቤት ብቅ በሉ፣ ምንም የለም» አልኩ።

ምን አጠፋሁ? አሁንም እጠይቃለሁ። እሑድ ጠዋት ያልኩት አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለማለት ነበር። አዋጪዎቹ ግን ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋቢ ለብሰው፣ ነጠላ ዘቅዝቀው መጡ። አንዷ አስተማሪ ንፍሮ በሳህን ሸፍና አመጣች። ሱቁ ሳይቆለፍ አድሮ ነበርና ገብተው በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ኦርጋኑ ሞቷል፣ አያሌው ቀስ አድርጎ ሊያረዳን ነው፣ ልጁ ብቻውን እንዳይሆን ቀድመን እንድረስለት ተባብለው ኖሯል።

ብሩክ ከማደሪያው በቁምጣ ወጣ። በማለዳ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው፣ ተደርድሮ፣ ዝም ብሎ። የእኛ አገር ሰው ይህን አይቶ ስለ ኦርጋን አያስብም። ብሩክ ደብረ ብርሃን ያለች እናት አለችው። «እማዬ ናት?» አለ።

ማንም አልመለሰም። እናቱም ሞታ ይሆናል፣ እኛ አልሰማንም፣ ብለው ደነገጡና ይበልጥ አጎነበሱ። ብሩክ ባለበት ተዘረጋ። ሰይድ ወገቡን አቅፎ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ሲለው ጊዜ ደግሞ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። እኔ ዳቦ ይዤ ስደርስ የብሩክን ጩኸት ከመንገድ ሰማሁት። ያን ጩኸት በሥራዬ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ያን ያህል ልቤ የተሰበረበት ጊዜ ግን የለም። ነገሩን አጣርቼ እስክጨርስ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነበር።

የብሩክን ስልክ አንሥቼ ለእናትየው ደወልኩና ለብሩክ ሰጠሁት። እማዬ፣ ደህና ነሽ ከማለቱ ከወዲያ ማዶ ለቅሶ ተነሣ። በዚህ ማለዳ ምን ብለህ ደወልክ፣ ማን ሞተ፣ አትደብቀኝ ትላለች። እሷን ለማረጋጋት ረፋዱ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ብሩክ፣ ጋሽ አያሌው እባክዎን በቀጥታ ይጻፉ አለኝ። ጻፍኩ። «አልደረሰም። እንጨቱ እንደገና እየተሠራ ነው። ባትሪው አልመጣም።» አንዱ የሠርግ ሙዚቀኛ ወዲያው ደውሎ ምን አስቀይመናችሁ ነው እንዲህ የምትቆጡን አለ። አንድ ነገር ግን ልመስክር። ገንዘቤን መልሱ ያለ የለም። የለቅሶ ንፍሮ ከቀመሱ በኋላ እንዴት ብለው ይጠይቁ?

ብሩክን ያስጨነቀው ሌላ ነበር። ሱቁ ዳገት ላይ ከወጣ ጀምሮ የጋሽ ደምሴ ጉልበት እምቢ ብሎ ቅዳሜያቸው ቀርቷል። ብሩክ ሣጥኑን እየሞረደ በየመሀሉ ቀና ይልና ጋሽ ደምሴን አይተዋቸዋል ወይ ይለኛል። ደህና ናቸው እለዋለሁ። ጆሯቸውስ ብሎ ይጠይቃል። ደህና ነው እለዋለሁ። መልሶ ይሞርዳል። እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀላ። እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚዘገየው ኦርጋን ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዝናቡ አልፎ፣ ፀሐዩ ጠንክሮ፣ አዲሱ ዋንዛ እንደሚገባው ደረቀና አንድ ኦርጋን ተሠርቶ አለቀ። ባትሪው አሁንም የለም፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ሲሰካ ግን ቀይዋ መብራት ቦግ ትላለች። ብሩክ በሩን ዘግቶ አንቺሆዬን ተጫወተልኝ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ግን የማውቀው ሰው ከሩቅ አገር ተመልሶ በስሜ የጠራኝ መሰለኝና አለቀስኩ። ይደውሉላቸው አለኝ።

ደወልኩ። ሰናይት አነሣች። ሁሌ ፈጣን የነበረችው ልጅ ቃሏን እየጎተተች፣ አባባ ትንሽ አሟቸዋል አለችኝ። ትንሽ ነው ወይ አልኳት። ትንሽ ነው፣ እስቲ ቤት ብቅ በሉ፣ ምንም የለም አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ቋንቋ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም። ለብሩክ እንዴት ልንገረው? መጀመሪያ ቁርስ እንብላ አልኩት። ፊቴን አየኝ። እርስዎ ሰውን ብላ የሚሉት መቼ ነው አለና ካውያውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ደርሼ ነበር፣ ጥቂት ቀን ነው የዘገየሁት እያለ አለቀሰ።

ከዚያ እጄ የለመደውን ሠራ። ለሰይድ ደወልኩ፣ ለአዋጪዎቹ ተናገርኩ፣ የእድራችን ድንኳን ወደ እሪ በከንቱ ይውረድ ብዬ አዘዝኩ። ብሩክ ኦርጋኑን በጋቢ ጠቅልሎ ታቀፈ። የመጀመሪያው የሳቸው ነው ብያለሁ፣ ሬሳቸው ፊት እጫወተዋለሁ አለ። ጥቁር ኮት የለበስን ሰዎች የታቀፈ ነገር ይዘን ስንሄድ ያየ ሁሉ የሕፃን ቀብር መስሎት ኮፍያውን ያነሣል፤ የታክሲ ረዳት ጩኸቱን ያቋርጣል። አንዲት አትክልት ሻጭ እግዜር ያጽናችሁ አለችን። አሜን አልናት።

ጋሽ ደምሴ ግቢ ስንደርስ ሰናይት ልብስ ታሰጣለች። ጥቁር ኮታችንን አየች፤ ከኋላችን የድንኳን ብረት የተሸከሙትን ሰዎች አየች። «ምነው? ማን ሞተ?» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ደረጃው ጠፋኝ። ቤቱ ክፍት ነው፤ ጋሽ ደምሴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ሲያዩን ፊታቸው በራ። «አያሌው፣ ብሩክ፣ ግቡ እንጂ» አሉ፤ እንደ ወትሮው ሳይሆን ከወንዝ ማዶ እንዳለ ሰው ጮክ ብለው። ሰናይት ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። በቀደም ሲነሡ ግራ ጆሯቸውም ተዘግቶ ነው የተነሡት፣ ብሩክ ሲሠራ እንዳይሰበርብኝ ብዬ በስልክ መናገር ከበደኝ አለች። ልጅቷ ሙያውን ታውቃለች። መርዶው ትክክል ነበር፤ የሟቹን ማንነት ነው የሳትነው።

ብሩክ ሰምቷል። ጋቢውን ገልጦ ኦርጋኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካ። ጋሽ ደምሴ ብርቱካኑን አስቀምጠው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ዋንዛውን ዳሰሱት። ከዚያ ድሮ አኮርዲዮናቸው ላይ እንደሚያደርጉት አገጫቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተጫወት ብለው በእጃቸው አሳዩት።

ብሩክ አንቺሆዬን ጀመረ። ቤቱ ሞላ። በሩ ላይ ያሉት የድንኳን ተሸካሚዎች ብረቱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። ሰይድ ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌው አይንቀሳቀሱም።

ሙዚቃው ገና መሐሉ ላይ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ቀይዋ ጠፋች፣ ድምፁ ተቆረጠ። የጓሮው ዶሮ ብቻ ይሰማል። ብሩክ ጣቶቹን አላነሣም። ምንም የማይሉትን ቁልፎች እየተጫነ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ አንዷንም ሳይዘል ተጫወተ። እኛም የሚሰማ ይመስል ቆመን ጠበቅን።

ሲያበቃ ጋሽ ደምሴ አገጫቸውን አነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የብሩክን ራስ ሳሙና «ልክ ናት። አሁን አልዋሸችም። አበጀህ» አሉት። ከዚያ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ። በጆሮዬ ያንሾካሸኩ መስሏቸው፣ በሩ ላይ ላሉት ሰዎች ሳይቀር በሚሰማ ድምፅ፣ «አያሌው፣ ምንም አልሰማሁም። ልጁ ግን ብዙ ደክሟል፣ ዛሬ እንዳትነግረው። በልቶ፣ ተኝቶ ይደር። ጠዋት አንተ ቀስ አድርገህ ታረዳዋለህ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ብሩክ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ፣ መብራት ባልመጣለት ኦርጋን ላይ ጣቶቹን አሳረፈና ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።